ይድረስ ለወራዳው ካልሲዬ

ቁጥር፦ 43

ቀን፦ ጥንድህ ከጠፋ በ8ኛው ቀን

ጉዳዩ፦ ውርደትን ይመለከታል

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረስህ።

መጀመሪያ «እርስዎ» ብዬ ልጽፍልህ አስቤ ነበር። ከሱፍ ልብስ ጋር የምትወጣ፣ ከከረባት ጋር የምትውል ጨዋ ነህ ብዬ። ግን ላብ የተጋራ ሰው አይተፋፈርም፤ አንተ እልሃለሁ። «እናንተ» እንዳልል ደግሞ ጥንድህ ባለፈው ሳምንት ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ገብቶ አልወጣም።

ወራዳ ስልህ ስድብ እንዳይመስልህ። ስለምትወርድ ነው። ቋንቋችን ራሱ አስቦበት የሠራው ይመስላል፤ መውረድና መዋረድ አንድ ቤት የሚያድሩ ቃላት ናቸው። አንተ ትወርዳለህ፣ እኔ እዋረዳለሁ።

ያንን የሥራ ቃለ መጠይቅ ታስታውሰዋለህ መቼም። በጠዋት ተነስቼ ሸሚዝ ተኩሻለሁ። ከረባቴን ሦስት ጊዜ አስሬ ሦስት ጊዜ ፈትቻለሁ። ጫማዬን ፊቴ እስኪታይበት ወልውያለሁ። አንተን ግን እጄን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ፣ ሳላይ፣ መዥረጥ አድርጌ ነው ያወጣሁህ። (ይህን በኋላ ማስረጃ አድርገህ እንደምታቀርብብኝ አውቃለሁ። አቅርብ።)

ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። ያስቀመጡኝ ደግሞ ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ ነው። ዝቅ ያለ ሶፋ ሱሪን ወደ ላይ ይስባል። ያንተ አመል ወደ ታች ነው። በመሃል ቅልጥሜ ያለ ጠባቂ ቀረ።

«ዋናው ድክመትህ ምንድን ነው?» አለችኝ መሃል የተቀመጠችው። እኔም ዘና ያልኩ ለመምሰል እግሬን አነባበርኩ። አፌን ሳልከፍት ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። አንተም ወርደህ ጠበቅካት። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተኮማትረህ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ተጣጥፈህ፣ ቤትህ ይመስል ተደላድለሃል። ከአንተ በላይ አንድ ስንዝር ሙሉ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ቅልጥም ይታያል። ትንሽ የተኮራመተ ጸጉር አለበት። ከሱ ከፍ ብሎ ደግሞ ጠዋት የነበርክበትን ቦታ የሚያሳይ የላስቲክህ አሻራ፣ ዙሪያውን፣ ቀይ ሆኖ። ከሥልጣን የወረደ ሰው እንኳ እንዲህ ያለ ምልክት ትቶ አይሄድም።

ድክመቴን በቃል ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እግሬን አወረድኩ። የጫማ ማሰሪያ የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩና ሽቅብ ጎተትኩህ። ጫማዬ ማሰሪያ የሌለው መሆኑ ትዝ ያለኝ ቀና ስል ነው። ሥራውን አላገኘሁም። ጥፋቱ ሁሉ ያንተ ነው አልልም፤ ያልመለስኳቸው ጥያቄዎችም ነበሩ። ግን ያልመለስኳቸው ስለ አንተ እያሰብኩ ነዋ!

ቤቴ ገብቼ ሱሪዬን ወደ ላይ ጠቅልዬ መስታወት ፊት ቆምኩ። ነገሩን መርምሬ ነው የምከስህ፤ በጥላቻ አይደለም።

የሰው ባት የተዘቀዘቀ ጠርሙስ ማለት ነው። ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይወፍራል፣ ወደ ቁርጭምጭሚት ሲወርድ ይቀጥናል። የላስቲክህ ሥራ ደግሞ መሰብሰብ ነው። መሰብሰብ የሚፈልግ ነገር ቀጠን ወዳለው ቦታ ይሄዳል። አንተን የሠሩህ ግን ባቴ እኩሌታ ላይ እንድትቆም ነው። ቁልቁለቱ ላይ ማለት ነው! በተራመድኩ ቁጥር ጡንቻዬ ይወጠራል፣ ይላላል። አንተም በእያንዳንዱ እርምጃ አንዲት ጸጉር ታህል ታንሸራትታለህ። ከታች ጫማው ተረከዝህን ይዞ ይስብሃል። ረፋድ ላይ ግማሽ መንገድ ሄደሃል። ከሰዓት በኋላ ጫማ ውስጥ ገብተህ እግሬ ሥር ተጠቅልለህ ተኝተሃል።

ወንድምህን እየው እስቲ። ረጅሙን፣ እስከ ጉልበት ሥር የሚደርሰውን። እሱ የባትን ውፍረት አልፎ ነው የሚቀመጠው። መውረድ ቢያምረው እንኳ ያ ሁሉ ሥጋ መንገድ ይዘጋበታል። ጠዋት ያስቀመጥኩት ቦታ ማታ አገኘዋለሁ። ልብስ የሚያውቁ ወንዶች ከሱፍ ልብስ ጋር እሱን ያደርጋሉ። ለማጥለቅ ትንሽ ትግል አለው፤ ሲሞቅም ይከብዳል። ግን ሶፋ አይፈራም።

«ታዲያ ለምን እኔን ገዛኸኝ?» ትለኝ ይሆናል። ስድስት ጥንድ ባንድ ላይ ታስረህ ርካሽ ሆነህ አገኘሁህ። አለቀ።

ደግሞ ለካልሲ ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብለህ እንዳትስቅብኝ። በሰሜን እንግሊዝ ቪንዶላንዳ የሚባል የሮማውያን ምሽግ አለ። እዚያ ከተገኙት በስስ እንጨት ላይ የተጻፉ ደብዳቤዎች አንዱ፣ ዕድሜው 1,900 ዓመት ገደማ ይሆናል፣ ካልሲ፣ ነጠላ ጫማና የውስጥ ሱሪ መላኩን ይናገራል። በብርድ አገር ያለ ሰው ከቤተሰቡም ይሁን ከወዳጁ ካልሲ ሲደርሰው አስበው። ያኔ ካልሲ ዜና ነበር። ስሙ በክብር ይጻፍ ነበር። የዘርህን ስም እዚህ ያደረስከው አንተ ነህ።

ለንደን ባለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ደግሞ ከግብፅ፣ ኦክሲሪንከስ ከምትባል ጥንታዊ ከተማ የተገኙ ቀይ ካልሲዎች አሉ። ከበግ ጸጉር የተሠሩ ናቸው። ነጠላ ጫማ እንዲያስገባ ጣታቸው ለሁለት ተከፍሏል። ዕድሜያቸው ከ1,500 ዓመት ይበልጣል። እኔን የገረመኝ ዕድሜያቸው አይደለም። ሁለቱም አሉ! ጥንዱ! መንግሥት ተነስቶ መንግሥት ሲወድቅ፣ አሸዋ ሲለብሱ፣ ሲቆፈሩ፣ ባሕር ሲሻገሩ አልተለያዩም። አንተ አንዲት የአርባ ደቂቃ እጥበት አልቻልክም።

የላስቲክን ነገር ካነሳን፣ ድሮ ወንዶች ከጉልበታቸው ሥር ቀጭን ቀበቶ አስረው ካልሲያቸውን ከሱ ላይ በመቆንጠጫ ይይዙት ነበር። ታስሮ የሚሄድ ካልሲ። ያኔ ሰው ምን ነካው እል ነበር፤ አንተን ካወቅሁ ወዲህ ገብቶኛል። በ1958 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ጆሴፍ ሺቨርስ የሚባል ኬሚስት ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ሆኖ ዛሬ ኢላስቴን የምንለውን ተለጣጭ ክር ሠራ። ካልሲም ከእስር ተፈታ። በነጻነትህ ምን እንደሠራህበት ይኸው እያየን ነው።

እዚህ ላይ እጄ ንጹሕ አይደለም። ይህ ክር ሙቀት አይወድም። እኔ ግን በጣም በሞቀ ውኃ አጥቤሃለሁ። ቸኩዬ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከትቼሃለሁ። አንድ ቀን እርጥብ ሆነህ በካውያ ተኩሼህ አውቃለሁ። ይቅርታ። ለብ ባለ ውኃ፣ ተገልብጠህ፣ አየር ላይ መድረቅ ነበረብህ። ቢሆንም ገና አዲስ ሳለህም ትወርድ ነበር፤ አንዋሽ።

ወደ ቀለምህ ልምጣ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ካልሲ የሚመሳሰለው ከሱሪ ጋር ነው እንጂ ከጫማ ጋር አይደለም። ሱሪና ካልሲ አንድ ቀለም ሲሆኑ እግር ሳይቆራረጥ እስከ ጫማ ይዘልቃል። ሰውየውም ረዘም ብሎ ይታያል። ቁመቴን ታውቀዋለህ፤ ያቺ ትንሿ ጭማሪ ለእኔ ትልቅ ነገር ናት። እናንተ ግን ንጋት ላይ መሳቢያ ውስጥ ሁላችሁም ጥቁር ናችሁ። ፀሐይ ላይ ስንወጣ አንዳችሁ ጥቁር፣ አንዳችሁ ጥቁር ሰማያዊ። እሺ ሁለታችሁም ጥቁር ሆናችሁ እንበል፤ አንዱ ባለ መስመር፣ አንዱ ልሙጥ። ያን ቀን ግራ እግሬንና ቀኝ እግሬን እንደተጣሉ ጎረቤቶች አራርቄ እውላለሁ። (በሱፍ ልብስ ሥር ነጭ የስፖርት ካልሲ የሚያደርግ ሰው ስለ ቀለም አይመከርም። እሱ የራሱ ደብዳቤ ይገባዋል።)

ባለሥዕሉ ዘመድህም አላስቀመጠኝም። ስጦታ ሆኖ ነው ቤቴ የገባው። መነጽር ያደረጉ ዳክዬዎች አሉበት። አንድ ቀን የታጠበ ካልሲ ጠፋና እሱን አድርጌ ቀብር ሄድኩ። ቆሜ ሳለሁ ችግር አልነበረም። ተቀመጥን። አጠገቤ ያሉት አዛውንት ዳክዬዎቹን በዓይናቸው ሲቆጥሩ አየኋቸው። አራተኛዋ ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን አዞሩ።

የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ በባለሥዕል ካልሲ የታወቁ ነበሩ። በ2018 በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ የተቀበሩትም የተዋጊ አውሮፕላን ሥዕል ያለበት ካልሲ አድርገው ነው። በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል አብራሪ ነበሩና። እሳቸውም ለቀብር፣ እኔም ለቀብር። ልዩነቱ የእኔው የሌላ ሰው ቀብር መሆኑ ነው። ደግሞ ፕሬዚዳንት ባለ ዳክዬ ካልሲ ሲያደርግ «ጨዋታ ያውቃል» ይባላል። እኔ ሳደርግ «ምን ነካው?»

መውረድህ ሳያንስ ትበሳለህ። ያውም ውስጡን ለቄስ ነው! ጫማ ሲወለወል ማን ያይሃል? ጫማ እስኪወልቅ ድረስ ነው እንጂ። በጥር 2007 የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት የነበሩት ፖል ዎልፎዊትዝ ቱርክ፣ ኤዲርኔ ከተማ ውስጥ መስጊድ ሊጎበኙ ጫማቸውን አወለቁ። ከሁለቱም ካልሲዎቻቸው ሁለት አውራ ጣቶች ብቅ አሉ። ካሜራ ደግሞ ነበረ። ለአገር የሚያበድር ባንክ መሪ፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የሚያዝ ሰው፣ በእናንተ የተነሳ ፎቶው ዓለምን ዞረ። እኔ ማን ነኝና ትራራልኛለህ!

አልበርት አይንስታይን ነገራችሁን ቀድሞ ነቅቶበት ነበር። አውራ ጣት የሆነ ቀን ካልሲ መብሳቱ ካልቀረ ብሎ ማድረጉን ተወው። ቦታና ጊዜን የመረመረ ጭንቅላት ካልሲ ላይ ሲደርስ እጁን ሰጠ። እኔም ልከተለው ሞክሬ ነበር። ማታ ጫማዬን ሳወልቅ የቤቱ ሰው ሁሉ መስኮት ሊከፍት ተነሳ። አይንስታይን ብቻውን ይቀመጥ ነበር መሰለኝ።

የመጨረሻው ክሴ፦ ልክህን አታውቅም። ይህንንም እኔ አላልኩም፤ የታሰርክበት ወረቀት ላይ ነው የተጻፈው። «ከ39 እስከ 46» ይላል። 39 የሚጫማ ጎረምሳና 46 የሚጫማ ግዙፍ ሰውዬ በምን ሒሳብ አንድ ካልሲ ይካፈላሉ? ለአንዱ ተረከዝህ ከተረከዙ በላይ እብጠት መስሎ ይቆማል። ሌላውን ጣቱን አጣጥፈህ ታስረዋለህ፤ ከላይም ስለማትበቃ ሲራመድ ይዘህ ትወርዳለህ። ለእኔ ለ43ቱ አንዳንዴ ያ፣ አንዳንዴ ይሄ ሆነህ ታውቃለህ። ያውም በአንድ ቀን፣ በግራና በቀኝ።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ ቀን ጀምሮ ከእግሬ ተነስተሃል። በምትክህ አሥር ጥንድ ረጅም ካልሲ ገዝቻለሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀለም፣ ልካቸው ከ42 እስከ 43። አንዱ ቢጠፋ የቀረው ባል እንደሞተበት አይቀመጥም፤ ሌላ ያገባል።

አንተን ግን አልጥልህም። እጄን ውስጥህ ከትቼ ጫማ እወለውልብሃለሁ። ከእግር ወደ እጅ ማለት ነው፤ በዕድሜህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይ ወጣህ። ዛሬ ጠዋት ሞክሬህ ነበር። ጥሩ ታበራለህ። ግን ሁለተኛውን ጫማ ሳልጨርስ ከእጄ አንጓ ወርደህ መዳፌ ውስጥ ተጠቀለልክ።

ከሰላምታ ጋር

ባለ እግሩ

ግልባጭ፦

ለቀኝ ጫማ
ለግራ ጫማ
ለዳክዬዎቹ (መሳቢያ ውስጥ)
ለጠፋው ጥንድ (አድራሻው ስላልታወቀ ማጠቢያ ማሽኑ በር ላይ ይለጠፍ)