ሰባት አልነበሩም እንዴ?

በሦስት ሳምንት አንዴ ሐይቁ ዳር ብቅ የሚል ቆጣሪ አለ። ጣቱን ቀስሮ የስዋኗን ጫጩቶች ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ አራት ላይ ሲደርስ ያልቁበታል። «ሰባት አልነበሩም እንዴ?» የሚመልስለት ሲያጣ ፍርዱን ራሱ ይሰጣል፦ «እናትየዋ ዝርክርክ ብትሆን ነው።»

እናትየዋ! ይቺ አንገተ ረጅም የዝይ ዘመድ በሁለት ቀን አንድ እንቁላል እየጣለች አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ታደርሳለች። የመጀመሪያውን እንደጣለች አትታቀፍም፤ ቁጥሩ ሊሞላ ሲል ነው የምትቀመጠው። ብትቸኩል የበኩሩ ጫጩት ዋና ሲጀምር የመጨረሻው ገና ቅርፊት ውስጥ ነው። ከዚያ አምስት ሳምንት ያህል ትታቀፋለች፤ ከጎጆዋ የምትነሳው ለአፍታ ብቻ ስለሆነ ስትጨርስ ከስታ ነው የምትወጣው። ይህን ሁሉ ዝርክርክነት የሚለው ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምትለዋ ምሳሌ ከጎጆው አጠገብ ስትታሰብ ጣዕሟ ልዩ ነው። ምስኪን፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰነፍ መሸሸጊያ ሆና ቀረች። ብድር የሚያጓትተው ይጠቅሳታል፤ ሥራ ያስተኛው ይጠቅሳታል። ቀጠሮ ላይ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የመጣው ደግሞ ሳይቀመጥ ይጠቅሳታል። እንቁላሉን ግን የጠየቀው የለም። የስዋን ጫጩት ምንቃሩ ጫፍ ላይ ባለች ሹል ነገር ቅርፊቱን ሰብሮ ይወጣል፣ ላባው ይደርቃል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ 200 ግራም የምትሆን ገላውን ይዞ ውሃ ውስጥ ነው። ችኩል ማለት እሱ ነው። ቀስ በቀስ የተባለው የታቃፊዋ ድርሻ ነበር፤ ተበዳሪዎች ደግሞ ሲታቀፉ አይታዩም።

ምን ላይ ነበርን? የጎደሉት ሦስቱ። አንዱን ቅዝቃዜና ዝናብ፣ አንዱን ትልቅ ዓሣ ከሥር፣ አንዱን ቀበሮ ከዳር ሊወስዱት ይችላሉ፤ ይህ የተፈጥሮ ሒሳብ ነው። የማይቻለው የዓሣ አጥማጁ ሒሳብ ነው። ክሩ ሸምበቆ ላይ ሲያዝበት በጥሶት ይሄዳል። ክሩ የጫጩቱ እግር ላይ ይጠመጠማል፤ እግሩ ይወፍራል፣ ክሩ አይሰፋም፤ ሥጋውን እየቆረጠ ይገባና መርገጫው ደም አጥቶ ይሞታል። ሰብስቦ ኪስ መክተት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መንጠቆው እንዲሰምጥ ክሩ ላይ የሚታሰረው የእርሳስ (ብረቱ) ክብደትም አለ። ስዋን ሣሩን የሚፈጨው ጠጠር ውጦ ጡንቻማ ጨጓራው ውስጥ ነው፤ እርሳሱን ከጠጠር ሳይለይ ይውጠዋል፤ የተፈጨው እርሳስ ደሙ ውስጥ ገብቶ ጡንቻውን ያልፈሰፍሰዋል፣ ያ የተመካበት አንገት ጀርባው ላይ ይወድቃል። እንግሊዝ አብዛኛውን የዚህ ዓይነት እርሳስ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

ቆጣሪው ይህን ሁሉ አያይም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ «ወንዱ በክንፉ የሰው እጅ ይሰብራል።» ባለ ስልኮቹ ይህን ሰምተው ጫጩቶቹ መሃል እየገቡ ፎቶ ያነሳሉ፤ ወሬውን ማመናቸውም አለማመናቸውም አይታወቅም። ወንዱ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ክንፉን ጀርባው ላይ ቀስቶ፣ ሁለት እግሩን በአንድ ላይ እየቀዘፈ ውሃውን እየገፋ ሲመጣ «ተመለስ» እያለ ነው። «እንዴት ያምራል» ብሎ መቅረብ የማንበብ ችግር ነው።

ዳቦውም አለ። ቆጣሪው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ቤቱ ያደረቀውን በላስቲክ ይዞ ይመጣል፣ ቸርነት ይለዋል። ዳቦ መርዝ ነው የሚሉትም አጋንነዋል፤ ጠንቁ ሻጋታው ነው። ያልሻገተው ሆድ ይሞላል፣ ሣር ያስተዋል፤ የተረፈው ውሃው ውስጥ ይበሰብሳል፣ ለአይጥ ድግስ ይሆናል። የግድ ከሆነ የተከተፈ ሰላጣ ወይም አንድ እፍኝ ስንዴ፣ ያውም ውሃው ላይ። ዳር ላይ የበተኑት እንደሆነ ጫጩቱ ውሻና መኪና ወዳለበት መውጣትን ይለምዳል። እናትየዋ እንደሆነ አንገቷን ውሃው ውስጥ አጥልቃ ሣር ከሥሩ እየነቀለች ወደ ላይ ስታወጣላቸው ነው የምትውለው።

አራት አምስት ወር ሲሞላቸው ይበራሉ። ግራጫው ላባ ነጭ ሲቀላቅል ያ ያሳደጋቸው አባት ዞሮ ልጆቹን ማባረር ይጀምራል፤ እነሱም ገና ያልተጣመሩ ጎረምሶች መንጋ ውስጥ ይገባሉ። ዛሬ ማዶ ናቸው፤ የአንዱ ምንቃር ገና አመድማ ነው። ቆጣሪው ግን በዚህኛው ዳር ሁለቱን ነጮች ብቻ አይቶ ላስቲኩን እያጠፈ ነው።

«አራት አልነበሩም እንዴ?»