ማብራሪያ፦ ጥቅስ ማሳጠር ሁሉ ወገንተኝነት ነው አላልንም

ባለፈው ስለ ጣና እምቦጭ ባወጣነው ጽሑፍ ላይ «ዜና ቤቶች የሰው ንግግር እየቆረጡ ያወጣሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ባሕር ዳር ያሉ አንዳንድ አንባቢዎቻችን «ሚዲያ ሁሉ ያጭበረብራል» እንዳልን አድርገው ወሰዱት። እንደዚያ አላልንም።

መቁረጥ የሥራው አካል ነው። የሬዲዮ ዜና ለአንድ ተናጋሪ ሰከንዶች ብቻ ነው ያለው። ሰው ደግሞ ሲናገር ይደጋግማል፣ ከርዕስ ይወጣል፣ «ማለት ነው» ያበዛል። ሁላችንም እንዲሁ ነን።

መታየት ያለበት የተቆረጠው ነገር ነው። አንድ ዓሣ አስጋሪ «እምቦጩ ቀንሷል፣ ግን ተመልሶ ይመጣል» አለ እንበል። «እምቦጩ ቀንሷል» ብቻ ከወጣ ቃሉ የእሱ ነው፤ ሐሳቡ ግን የእሱ አይደለም። ያም ሆኖ ይሄ ብቻውን ወገንተኝነትን አያረጋግጥም። አዘጋጁ ቸኩሎ ይሆናል። የአንዱ ወገን «ግን» ሁልጊዜ እየተቆረጠ የሌላው የሚተርፍ ከሆነ፣ ያኔ መጠርጠር ነው።

የተራራቁ ንግግሮችን መገጣጠም ሌላ ነገር ነው። የቢቢሲው ፓኖራማ እ.ኤ.አ. በ2024 ባሰራጨው ፕሮግራም፣ ትራምፕ ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ካደረጉት ንግግር ከ50 ደቂቃ በላይ የሚራራቁ ቁራጮችን እንደ አንድ አድርጎ አቀረበ። ጉዳዩ ሲፈነዳ፣ በኖቬምበር 2025፣ የቢቢሲ ዋና ዳይሬክተር ቲም ዴቪ ሥራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። ቢቢሲም ይቅርታ ጠየቀ።

ዓረፍተ ነገሩ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ይነበባል፦ «ዜና ቤቶች ንግግር ያሳጥራሉ፤ አንዳንዴ ትርጉሙ አብሮ ይቆረጣል።»