ሲሮጡ የታጠቁት

ክርክሩ የተነሣው ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለች ጀበና ቡና ቤት ነው። ከፊት ለፊት ድንኳን ተጥሏል፤ የጎረቤት ልጅ በነርሲንግ ዲግሪ ተመርቃለች። ቡና ከሚጠጡት አንዱ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል የሚሠራ ጎልማሳ ነው። አንዷ ከተመረቀች ሦስት ዓመት የሆናት፣ ሌሊቱን ዲዩቲ አድራ የመጣች ነርስ ናት። ሦስተኛዋ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» የሚላቸው ጡረተኛ ናቸው።

ሰውየው ድንኳኑን እያየ «የዘንድሮ ነርስ አይታማም» አለ። «አራት ዓመት ሙሉ ተምሮ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አልፎ ነው የሚመረቀው። የተነፋ ዱቄት በሉት።»

ሲስተር ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ።»

ነርሷ ቀጠለች። «ጋሼ፣ ፈተናው እኮ ምርጫ ነው። ከ100 ሃምሳ ያመጣ ያልፋል። መልሱን ማወቄን ያያል እንጂ እጄን አያይም።» ግሉኮስ በደም ሥር የሚሰጥበትን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ካኑላን፣ ምሳሌ አደረገች። ቱቦው የሚገባው በውስጡ ባለ መርፌ ነው። ቆዳው ይወጠራል፣ መርፌው ዝቅ ብሎ ይገባል፣ ደም ብልጭ ይላል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ደም ስላየ ገባ ብሎ መርፌውን ይስባል። የመርፌው ጫፍ ግን ከፕላስቲኩ ቀድሞ ስለሚወጣ፣ ደም ሥር ውስጥ የገባው መርፌው ብቻ ሊሆን ይችላል። ጋደም አድርጎ ትንሽ መግፋት፣ ከዚያ መርፌውን ይዞ ፕላስቲኩን ማንሸራተት ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ ግሉኮሱ ሲከፈት እጁ ያብጣል። «ስኪል ላብ፣ መለማመጃ ክፍሉ ውስጥ ያለው የጎማ ክንድ ደግሞ መቶ ጊዜ ስለተወጋ ቀዳዳው ራሱ ይመራሃል። የአዛውንት ደም ሥር ግን ከመርፌው ይሸሻል።»

«ይሄ እኮ ሥራ ላይ ይለመዳል!» አለ ሰውየው። ከዚህ በኋላ ያለው ክርክሩ ከሞላ ጎደል ይህችው ነበረች፤ አንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሌላ ጊዜ ሲጋራውን እየለኮሰ ይመላልሳታል።

«በማን ገላ ላይ ነው የሚለመደው?» አለች ነርሷ። ሰውየው አልመለሰላትም። መልስም አልነበረውም።

የጠብታ ስሌቱንም አመጣች። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲገባ ከታዘዘ፣ 20 ጠብታው 1 ሚሊ በሚሆነው የግሉኮስ መስመር (ቱቦ) 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ይካፈላል፤ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። ፈተናው ላይ ያ 20 ጥያቄው ውስጥ ተጽፎ ይሰጣል። ዋርድ ውስጥ ግን የተጻፈው የመስመሩ ማሸጊያ ላይ ነው፤ ማሸጊያው ደግሞ ተቀዶ ተጥሏል። መስመሩ ባለ 60 ጠብታ ሆኖ ሳለ 42 የቆጠረ ሰው ለታማሚው የሚሰጠው ከታዘዘው ሲሶውን ነው። ስሌቱን ያልሳተ ሰው በሽተኛውን ሊስት ይችላል ማለት ነው።

ከሁሉም የከበደኝ የትንፋሹ ነገር ነው። ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል። ነርሷ እንዳለችው፣ እነሱ ለአታችመንት፣ ለሆስፒታል ልምምድ፣ ሲወጡ በአንድ አልጋ ዙሪያ አሥራ አምስት ተማሪ ይቆም ነበር፤ የሚነኩት ከፊት ያሉት ሁለቱ ናቸው፣ ከኋላ ያለው ሳይቆጥር ከበሽተኛው ቻርት ላይ ያለውን ቁጥር ይቀዳል። ስለዚህ በየቻርቱ ላይ ያለው ትንፋሽ 20 ነው። ተማሪው የሠራው የሚመዘገብበት ሎግ ቡክም በመጨረሻው ሳምንት ተሰብስቦ በአንድ ቁጭታ ይፈረማል፤ ፈራሚው አንዱንም ሲሠሩ አላየም።

ይኸው ተመራቂ ነገ ማዋለጃ ክፍል ይመደባል። ደም ግፊቷ አሻቅቦ ለሚያንቀጠቅጣት ነፍሰ ጡር መንቀጥቀጡን የሚያስቆመው ማግኒዥየም ሰልፌት ይታዘዛል። 4 ግራሙን ለማዘጋጀት ከ50 በመቶው የመድኃኒቱ ፈሳሽ 8 ሚሊ ተስቦ በ12 ሚሊ የመርፌ ውኃ ይቀጠንና በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይሰጣል፤ በየመቀመጫዋም አምስት አምስት ግራም ትወጋለች። ቀጣዩ ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት ትንፋሿ ከ16 እንዳላነሰ፣ ጉልበቷ ሲመታ እግሯ ብድግ እንደሚል፣ ሽንቷም በሰዓት 30 ሚሊ መድረሱ ይታያል፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም ከአጠገብ ይቀመጣል። መድኃኒቱ መርዝ ሲሆን አስቀድሞ የጉልበቷ ምላሽ ይጠፋል፣ ከዚያ ትንፋሿ ይወርዳል። ሳይቆጥር 20 መጻፍ የለመደ እጅ ያን ጊዜም 20 ይጽፋል፤ ቀጣዩንም ዶዝ ይሰጣል።

«እኛን ስታስተምረን አስተማሪዋ ሰዓቷን ይዛ ከጎናችን ትቆጥር ነበር» አሉ ሲስተር። «የኔና የሷ ካልገጠመ እንደገና ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የምለው ለዚህ ነው።»

ሰውየው «ጤና ጣቢያው ሁሉ ባለሙያ ሲጠብቅ ምን ይደረግ ነበር?» አለ። ይህችኛዋ እውነት አለባት። ነርስ ያስፈልግ ነበር፣ ዛሬም ያስፈልጋል። ግን ተማሪ ሲጨመር መለማመጃ አልጋውና ከጎን ቆሞ የሚቆጥረው አስተማሪ ካልተጨመረ፣ የበዛው ነርስ ሳይሆን ጋውን ነው። ጥፋቱም የልጆቹ አይደለም፤ ከኋላ የቆመችው ልጅ ወደ ፊት የሚያመጣት አጥታ ነው።

እኛ ሁሉን ነገር በሩጫ የምንታጠቅ ሆነናል። እዚሁ ሰፈር አስፋልት ይነጠፋል፣ ወር ሳይሞላው ለውኃ ቧንቧ ይቆፈራል። ቤቱ በቀለም አምሮ ቁልፍ ይሰጣል፣ ከግድግዳው ጀርባ ቧንቧው ያንጠባጥባል። ርክክቡ ፎቶ ይነሣል፤ ውኃው መፍሰሱን የሚያይ የለም። የልጆቻችንንም ትምህርት እንዲሁ አደረግነው። ወላጅ ተበድሮ ድንኳን ይጥላል፣ በግ ያርዳል፣ አበባ ያሸክማል። ያን ቀን በዚያ ድንኳን ከመቶ በላይ ሰው ገብቶ ወጣ፤ ሁሉም «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት፣ በስንት ሰው ክንድ ላይ ካኑላ እንዳስገባች የጠየቃት ግን አንድም አልነበረም።