እሰይ የኛ ጆሮ!

ዛሬ ሳይመሰገን የኖረ ነገር ላመስግን ብዬ ተነሳሁ። ጆሯችንን ነው። አንድ ባንድ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲጫወት፣ ከሁሉም መሀል ቤዝ ጊታር የያዘውን ሰውዬ ብቻ ለይቶ አለመስማት ቀላል ችሎታ መሰላችሁ? ሰውዬው ሁለት ሰዓት ሙሉ እየመታ፣ ወለሉ እግራችን ሥር እየተንቀጠቀጠ፣ ወገባችን እሱ ባለው እየሄደ፣ ጆሯችን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። ይበል ነው!

ስልክ አውጥተን ስንቀርጽማ የጥበባችን ጥግ ይታያል። ዘፋኙ መሀል ላይ። ሊድ ጊታሪስቱ ሶሎ ሲጀምር ካሜራው ወደሱ ይሮጣል፤ ፊቱን ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ሲያጨማድድ አቅርበን እናነሳዋለን። ድራመሩም ዱላውን ወደ ላይ ሲወረውር አይቀርበትም። ቤዚስቱስ? ክርኑ በቀኝ በኩል ትንሽ ብቅ ብላለች። እሷንም ቆርጠን ነው የምንለጥፈው።

የሚራራም አይጠፋም። ጠጋ ይልና «ወንድሜ፣ ሁለቱ ክሮች ተበጥሰውብህ ነው?» ይላል። ኧረ የቤዝ ክር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1951 ጀምሮ አራት ነው! ጊታር ሠሪው ሊዮ ፌንደር ፕሪሲሽን የሚባለውን ቤዝ ካወጣ ጀምሮ ማለት ነው። ግን ለአዘኔታው እግዜር ይስጥልን።

ጆሯችን ቢሰንፍ ደግሞ ስልካችን አለልን። የቤዝ ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ጥፍር የምታክለው የስልክ ስፒከር ይህንን ድምፅ ከየት አምጥታ ታውጣው? ጉዱ ግን፣ አእምሯችን ከላይ ከሚሰሙት ቀጫጭን ድምፆች ተነስቶ የጎደለውን ወፍራሙን ራሱ ይሞላዋል። ቤዚስቱ በሌለበት ጭንቅላታችን ውስጥ ሌላ ቤዚስት ቁጭ ብሎ ይጫወትልናል እንደማለት ነው። እሱንም አናመሰግነውም። ቢያንስ አድልዎ የለብንም።

በዚህ ጥበብ ግን እኛ ጀማሪዎች ነን፤ ጌቶቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ናቸው። ሞታውን በ1960ዎቹ ዓለምን ባስጨፈረባቸው ዘፈኖች ሥር የሚርመሰመሰው ቤዝ አብዛኛው የጄምስ ጄመርሰን ነው። ሰውዬው የሚመታው በአንድ ጣት ነበር፣ በጠቋሚው ብቻ። ክር ካልተበጠሰበት አይቀይርም። ታዲያ ኩባንያው ስሙን አልበም ላይ የጻፈለት በ1971 ነው፣ በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ላይ። ምን ያቻኩላል? በ1983 ሞታውን 25ኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ ጄመርሰን እንደማንም ሰው ቲኬት ገዝቶ ከኋላ ተቀምጦ አየ ይባላል። በዚያው ዓመት ሞተ። ከዚያማ ማን ይቻለን፣ 17 ዓመት እንኳ ሳይሞላ በ2000 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ውስጥ አስገባነው። ያውም «አጃቢ» በሚለው ዘርፍ።

ካሮል ኬይ ግን አሳፈረችን። በ1963 አንድ ቤዚስት ቀረጻ ላይ ሳይመጣ ቀርቶ በሱ ቦታ ቤዝ ያነሳች ጊታሪስት ናት። እሷ እንደምትለው ከዚያ ወዲህ የተሳተፈችባቸው ቀረጻዎች ወደ 10,000 ይጠጋሉ። እኛም ሙሉ 62 ዓመት በትዕግስት ጠብቀን፣ በ2025፣ በ90 ዓመቷ፣ ያንኑ የክብር አዳራሽ «ግቢ» ብንላት «አልመጣም» አለችን። ምን ዓይነት ምስጋና ቢስነት ነው?

የሮክ ባንዱ ሜታሊካዎችማ ከሁላችንም በለጡ። በ1988 ባወጡት «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» አልበም ላይ የራሳቸውን ቤዚስት የጄሰን ኒውስተድን ድምፅ በገዛ እጃቸው አስቀንሰው እንዳይሰማ አድርገውታል። የአልበሙ ስም «ፍትሕ ለሁሉም» ማለት መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሁሉም ውስጥ ቤዚስት የለማ።

ብልጡ ቤዚስት ኸርቢ ፍላወርስ ብቻ ነው። በ1972 ለዘፋኙ ሉ ሪድ «ዎክ ኦን ዘ ዋይልድ ሳይድ» ዘፈን መጀመሪያ በኮንትራባስ፣ ቆመው በሚጫወቱት በትልቁ የእንጨት ቤዝ፣ ተጫወተ፣ ከዚያ በላዩ ላይ በኤሌክትሪኩ ቤዝ ደገመበት። ለምን ቢሉት፣ ሁለት መሣሪያ ለተጫወተ ሁለት ክፍያ ስለነበር። ያቺ ሁላችንም የምናንጎራጉራት ተንሸራታች ድምፅ የተወለደችው ከሂሳብ ነው። እሰይ! ስም ከሌለ ገንዘብ ይኑር እንጂ።

አሁን አሁን ደግሞ «ያልተዘመረላቸው ቤዚስቶች» ብሎ ዝርዝር ማውጣት ፋሽን ሆኗል። እነዚህም ይመስገኑ። አንደኛ፣ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ። ምስኪን፣ ማን ያውቀዋል!

እኔም ቤዝ እነካካለሁ፣ አልደብቃችሁም። አንድ ምሽት ሥራ ጨርሰን ገመድ እየጠቀለልኩ ሁለት ልጆች እየሳቁ በቀጥታ ወደኔ መጡ። አንደኛዋ ስልኳን ይዛ «ጋሼ፣ አንድ ፎቶ?» አለች። በስንት ዘመኔ! ገመዱን ጣልኩ፣ ኮሌታዬን አስተካከልኩ፣ ቤዜን ከማስቀመጫው ላይ አነሳሁ፣ ለፎቶው ያምራል ብዬ። ልጅቷ ስልኩን በእጄ አስያዘችኝና ሮጣ ሄዳ ዘፋኙን አቀፈችው።

ሁለት ጊዜ ነው ያነሳኋቸው። በመጀመሪያው ዘፋኙ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።