ማስተካከያ፦ ወደ እግር የሚወርደው ሕመም ጡንቻ ላይሆን ይችላል

ባለፈው ጽሑፌ «ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም የጡንቻ መሸማቀቅ ነው፤ ሲታሽ ይለቃል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ።

የጡንቻ ሕመም ይጠዘጥዛል። ቦታውን ሲጫኑት ያማል፤ ጡንቻውን ሲያሠሩት ይብሳል። ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል።

የነርቭ ግን ሌላ ነው። ያቃጥላል፤ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፤ ያደነዝዛል። ከመቀመጫ ተነስቶ በጭን ጀርባ በኩል መስመር ይዞ እስከ እግር ጣት ሊወርድ ይችላል። ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ጭምር እግር ድረስ ከነዘረ፣ የወገብ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል አካል) ነርቩን ተጭኖት ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ አብረው የሚመጡበት ጊዜም አለ፤ ስለዚህ መመርመሩ ይሻላል። እግር አቅም ካጣ፣ ብልት አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን መታሸት የሚባል ነገር የለም። ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።