በሐምሌ የምትሸጠው በግ

የድሃ ገበሬ በግ የምትሸጠው በሐምሌ ነው። ጎተራው ባዶ ነው፣ አዲሱ እህል ገና አልደረሰም። የእህል ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ፍልሰታ ሊገባ ስለሆነ ደግሞ ሥጋ ፈላጊ የለም፣ በጓ በርካሽ ትሄዳለች። እስከ እንቁጣጣሽ ብትቆይ ጥሩ ብር ታወጣ ነበር። ግን ልጆቹ እስከዚያ ምን ይብሉ?

ስለ ድህነት ቅነሳ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ይህች በግ ትመጣብኛለች። በግ የሚሰጥ ፕሮግራም ሞልቷል። ከሐምሌ የሚያሻግራት ነው የጠፋው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የታሰበው ለዚሁ ነበር። ሰው በክፉው ወራት ጥሪቱን አውጥቶ እንዳይሸጥ፣ እርከንና መንገድ እየሠራ እህል ወይም ብር ያገኛል። አቅም የሌለው አዛውንትና አካል ጉዳተኛ ያለ ሥራ ይረዳል። ወደ 5 ሚሊዮን በሚጠጋ ሰው ተጀምሮ ወደ 8 ሚሊዮን አድጓል። ትልቅ ነገር ነው፣ አላናንቀውም። ግን ቀለብ ሰውን ከመውደቅ ያድነዋል እንጂ ብቻውን አያቆመውም።

ታዲያ ምን ይጨመርበት? መልሱ ከእኛው አገር አለ። ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አካባቢ፣ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ከሆኑ ቤተሰቦች መካከል በዕጣ ለተለዩት ተጨማሪ ነገር ተሰጣቸው። በግና ፍየል፣ ከብት ወይም ንብ፣ ከዚያ ሥልጠና፣ ቁጠባ፣ ለሁለት ዓመት ያህል ደግሞ ቤታቸው እየመጣ የሚከታተላቸው ሰው። ቀለቡን ዕጣው ያልወጣላቸውም ያገኙ ነበር። ውጤቱ ከሌሎች አምስት አገሮች ጋር ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላም ዕጣ የወጣላቸው ቤተሰቦች ከጎረቤቶቻቸው የተሻለ ይበሉ ነበር፣ የተሻለ ጥሪትም ነበራቸው።

ከስድስቱ አገሮች ሆንዱራስ አልቀናትም። ለብዙዎቹ የተሰጠው ዶሮ ነበር፣ ዶሮዎቹን በሽታ ፈጃቸው። ይህን ታሪክ የወረዳ ባለሙያ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ክትባት በሌለበት ቀበሌ ዶሮ ማደል ለድሃ ሌላ ሐዘን መጨመር ነው።

ከሁሉም ቶሎ የሚቆረጠው ግን ያ ቤት ለቤት የሚዞረው ሰው ነው። በጀት ሲያንስ በጉ አይነካም፣ ክትትሉ ግን ይሰረዛል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይሥራው ይባላል። እሱ በማዳበሪያ፣ በስብሰባና በሪፖርት ተወጥሯል፤ መቶ ቤት እንዴት ያዳርስ? በጓ ስትታመም የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል። «አሁን አትሽጫት፣ ትንሽ ታገሽ» የሚልም ያስፈልጋል። የትዕግሥቱን ወራት የሚያሻግር ቀለብም አብሮ መኖር አለበት። አንዱ ከጎደለ ሌላው ይፈርሳል።

ወጪው ይበዛል የሚሉ አሉ። በአንድ ጊዜ የሚወጣ ስለሆነ ይከብዳል፣ እውነት ነው። ሕንድ ምዕራብ ቤንጋል ውስጥ ግን በተመሳሳይ መንገድ የተረዱ ቤተሰቦች ከአሥር ዓመት በኋላም ኑሯቸው ካልተረዱት የተሻለ ነበር። ከዚህና በየዓመቱ ቀለብ ከመስፈር የቱ ይረክሳል?

ሌላው የሚያሳስበኝ «ምርቃት» የሚባለው ነገር ነው። ተጠቃሚው ራሱን ችሏል ተብሎ ከመዝገብ ሲወጣ ተመረቀ ይባላል። ቃሉ ደስ ይላል። ነገር ግን ቀበሌው ይህን ያህል ሰው አስመርቅ ተብሎ ኮታ ሲሰጠው፣ ሁለት በግ ያላት መበለት ቀለቧን ታጣለች። ሐምሌ ሲመጣ በጎቹ ይሸጣሉ። በዓመቱ ተመልሳ ለምዝገባ ትሰለፋለች።

ሰላም ከሌለ ደግሞ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ስንት ቤት ለዓመታት ያፈራው ከብት ታረደ፣ ተዘረፈ። እንዲህ ያለውን ኪሳራ የሚተካ ፕሮግራም የለም።

አሁን የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ቀበሌው «ስንት ሰው ተመረቀ» ብሎ ሪፖርት ከሚሞላበት ቦታ አጠገብ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ ስንት ቤት ሐምሌንና ነሐሴን በግ ሳይሸጥ አለፈ? ጳጉሜን ላይ ቤት ለቤት ዞሮ መጠየቅ ይቻላል። ያኔ በጎቹም በረት ውስጥ ይቆጠራሉ።