ሥራ ፈልጊ!

አሜሪካ፣ ቦስተን አጠገብ፣ ሃርቫርድ ስኩዌር በሚባል አደባባይ ላይ አንዲት ሙሽራ ቆማለች። ባል የለም፣ ሚዜ የለም፣ ቪዲዮ ቀራጭም የለም። ፊቷን ነጭ ተቀብታ፣ ቬሎ ለብሳ፣ ሣጥን ላይ ወጥታ ትንፍሽ አትልም። እግሯ ሥር ጣሳ ተቀምጧል።

ሳንቲም ጠብ ሲደረግላት ነፍስ ትዘራለች። ዓይን ዓይንዎን እያየች ቀስ ብላ አበባ ትዘረጋለች። አበባውን ሳይቀበሉ ከሄዱ ደግሞ፣ ገና አሁን የተከዳች ይመስል በሐዘን ትሸኝዎታለች። ከመኪና መስኮት ብቅ ብሎ "ሥራ ፈልጊ!" የሚላትም አይጠፋም። መልስ ነበራት። ግን ሐውልት አይመልስም።

ሥራዋ እኮ ነው! አሜሪካዊቷ ሙዚቀኛ አማንዳ ፓልመር አምስት ዓመት ያህል እንዲህ ቆማ በልታለች። ጉርሻ አይደለም እንዳልል ጉርሻ ነው፤ ልመና እንዳልል አበባው አለ። እኔ ያበደርኩትን 200 ብር ለመጠየቅ ሦስት ወር ቃል የምመርጥ ሰው ነኝ። ሴትየዋን ከልቤ አደንቃታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ቦስተን ውስጥ፣ በአንድ የሃሎዊን ድግስ ላይ፣ አማንዳ ፒያኖ ስትጫወት ብራያን ቪግሊዮኒ የሚባል ድራመር ሰማት። ድሬስደን ዶልስ የተባለው ባንድ እንዲያ ተጀመረ። ሁለት ሰው ብቻ። ጊታሪስት የለ፣ ቤዚስት የለ። ጥቅሙ፣ ገንዘቡ ለሁለት ይካፈላል። ጉዳቱ፣ ሲኳረፉ መሀል የሚገባ ሽማግሌ የለም።

ሁለቱም ፊታቸውን ነጭ ይቀባሉ። ጋዜጠኛ አይቶ "ጎቲክ" (ጥቁር ለባሽ፣ ጨለምተኛ) ብሎ እንዳይለጥፍባቸው፣ አማንዳ ቀድማ የራሷን ስም አወጣች፦ "ብሬክታዊ ፓንክ ካባሬ"። ሰፈር ውስጥ ቅጽል ስም የወጣለት ሰው ይህን ብልጠት ይረዳዋል። ብሬክት የጀርመን ጸሐፌ ተውኔት ነው፤ ካባሬው የድሮ በርሊን የምሽት ቤት፤ ፓንኩ ጩኸቱ ነው። እኔ እንደምገምተው ስሙ በደንብ ያልገባው ሁሉ አፍሮ ዝም አለ።

በ2003 የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ። ከዚያ ሮድራነር ሬከርድስ የተባለ የሙዚቃ ኩባንያ አስፈረማቸው። ይህ ኩባንያ የታወቀው ጸጉራቸውን እያወናጨፉ በሚያጓሩ የሄቪ ሜታል ባንዶች ነው። ሥጋ ቤት ውስጥ ኬክ እንደመሸጥ በሉት። ቀጣዩ አልበም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 25,000 ኮፒ ያህል ተሸጠ። አለቆቹ ይህን እንደ ውድቀት እንደቆጠሩት አማንዳ ራሷ ተናግራለች።

በዚያው ሰሞን ከኮንሰርት በኋላ አንድ ልጅ መጥቶ 10 ዶላር አስጨበጣት። ሲዲዋን ከጓደኛው ላይ ኮፒ አድርጎ ኖሯል፤ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው የመጣው። ሌባ ተመልሶ ሒሳብ ሲከፍል አስቡት!

በ2008 ባንዱ ሥራ አቆመ። በ2010 ያለ ሽማግሌ ተመለሱ። አማንዳ ግን በመሀሉ ከኩባንያው ተፋታ ወደ ጣሳዋ ተመልሳ ነበር። በ2012 ለብቻዋ ለምትሠራው አልበም ኪክስታርተር በሚባል የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ ላይ መዋጮ ጠየቀች። የፈለገችው 100,000 ዶላር ነው። የመጣላት ወደ 1.2 ሚሊዮን! አዋጪዎቹን ቢቆጥሩ ወደ 25,000 ሰው። ያው ኩባንያው ያዘነበት ቁጥር ማለት ነው።

ታዲያ ሚሊዮኑ እጅ ከገባ በኋላ ምን አደረገች? ለኮንሰርት ጉዞዋ ከየከተማው ቫዮሊንና ጥሩምባ የሚጫወቱ ሰዎች ፈለገች። ክፍያው ቢራና እቅፍ።

ሙዚቀኞቹ ጮኹ። የቤት አከራይ እቅፍ አይቀበልማ! "ሥራ ፈልጉ" እንዳይባሉ ሥራውንስ አግኝተዋል፤ የጎደለው ደመወዝ ነው። ጫጫታው ሲበዛ ሐሳቧን ቀየረች፤ በገንዘብ ልትከፍላቸው ተስማማች።

ያ ከመኪናው መስኮት የሚጮኸው ሰውዬ ትዝ ይለኛል። ከ25,000ዎቹ አንዱ እሱ ቢሆን አይገርመኝም።